ሳን ሲሰፋ የስዊች አድራሻ አቀያየር፦ ለድሬዳዋ ባለሙያዎች

ሳን ሰርቨሮችን ከስቶሬጅ ጋር የሚያገናኝ ራሱን የቻለ ኔትወርክ ነው። በብዛት የሚሠራው ለስቶሬጅ በተዘጋጀው የኔትወርክ ቴክኖሎጂ፣ በፋይበር ቻናል ነው። ሲጀመር ባለ 16 ፖርት ስዊች ይበቃል። ሰርቨር ሲበዛ ግን ሌላ ስዊች ይጨመራል፤ ያኔ አሮጌውና አዲሱ በአድራሻ አሰጣጥ መስማማት አለባቸው።

ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባቡሩ ወርክሾፕ ጀምሮ አሮጌ ዕቃን ጠግኖ ማኖር ታውቅበታለች። እንዲህ ላለ እጅ ይህ ሥራ ባዳ አይሆንም።

አድራሻው 24 ቢት ሲሆን በሦስት ይከፈላል፦ የስዊቹ ቁጥር (ዶሜይን)፣ ፖርቱ፣ በፖርቱ ላይ ያለው መሣሪያ። ቀበሌዎች ሲዋሃዱ ቁጥር የተቀየረበት የድሬ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ቤቱ ሳይነቃነቅ አድራሻው ይቀየራል። የዶሜይን ቁጥር ከ1 እስከ 239 ነው። ብሮኬድ የተባለው ኩባንያ ስዊች ከፋብሪካ ሲወጣ 1 ተብሎ ስለሚመጣ፣ ኬብል ከመሰካቱ በፊት ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ሁለቱም 1 ከሆኑና ሥራ ላይ እያሉ ከተገናኙ ፋብሪኩ (ስዊቾቹ ተገናኝተው የሚሠሩት አንድ ኔትወርክ) ይከፈላል።

ዋናው ጉዳይ የፒአይዲ ፎርማት፣ ማለትም የዚህ አድራሻ አጻጻፍ ነው። አድራሻው በስድስት የሄክሳዴሲማል (በ16 የሚቆጠር) አኃዞች ይጻፋል። የብሮኬድ ሲልክዎርም 2000 ተከታታይ ስዊቾች ኔቲቭ በሚባለው ፎርማት ይሠሩ ነበር። በዚህ ፎርማት ከመካከለኛዎቹ ሁለት የሄክሳዴሲማል አኃዞች የመጀመሪያው ሁልጊዜ 1 ነው፤ ለፖርቱ የሚቀረው አንድ አኃዝ ብቻ ስለሆነ ከ16 ፖርት አያልፍም። እንደ 3900 ያለ ባለ 32 ፖርት ስዊች ሲመጣ ይህ አልበቃም። ኮር ፒአይዲ የተባለው አዲሱ ፎርማት ሁለቱንም አኃዝ ለፖርት ሰጠ፤ 256 ፖርት ያስተናግዳል። በዶሜይን 1 ላይ ፖርት 8 በኔቲቭ 011800፣ በኮር 010800 ነው። 011000 ደግሞ በኔቲቭ ፖርት 0፣ በኮር ፖርት 16 ነው። ስለዚህ በአንድ ፋብሪክ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል አይቻልም። ሁሉም ስዊች አንድ ፎርማት መያዝ አለበት።

ለመቀየር ስዊቹ ዲሴብል ይደረጋል፤ በኮንፊገር ትዕዛዝ ፎርማቱ 1 (ኮር) ይሆናል፤ ከዚያ ኢኔብል ይደረጋል። ከሁሉም በፊት ኮንፊገሬሽኑን ባክአፕ ማድረግ ግዴታ ነው። የሚከብደው ሰርቨሩ ጋ ነው። የቆዩ የኤችፒ-ዩኤክስ (የኤችፒ ሰርቨሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ቨርዥኖች የዲስኩን መንገድ ከዚህ አድራሻ ነው የሚሠሩት። አድራሻው ሲቀየር ዲስኩ እንደ አዲስ ይታያል። አፕሊኬሽኑ ይቆማል፣ ቮልዩም ግሩፑ (በአንድ ላይ የተጠቃለሉት ዲስኮች) በቪጂኤክስፖርት ትዕዛዝ ይወጣል፣ ከለውጡ በኋላ ዲስኮቹ በአይኦስካን ተፈልገው በቪጂኢምፖርት ይመለሳል። የአይቢኤሙ ኤአይኤክስም ዳይናሚክ ትራኪንግ (የአድራሻ ለውጥን የሚከታተል ቅንብር) ካልበራለት ይቸገራል። መሣሪያን በደብሊውደብሊውኤን (መሣሪያው ይዞት በሚመጣው ቋሚ መለያ ቁጥር) የሚለዩ ሲስተሞች አይነኩም።

አንዳንዶች የሚሠራ ነገር አይነካ ይላሉ። የቆዩ አድራሻዎችን ሳይቀይር ከ16 በላይ ፖርት የሚፈቅድ ሦስተኛ ፎርማትም አለ። ጊዜ ይገዛል። ሆኖም ሰርቨሩ ጥቂት ሳለ ወደ ኮር መሻገር ይሻላል። ለዞኒንግ (የትኛው ሰርቨር የትኛውን ስቶሬጅ እንደሚያይ ለመወሰን) ፖርት ይሻላል ወይስ ደብሊውደብሊውኤን በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ፤ በዶሜይንና ፖርት የተሠራ ዞን ግን የዶሜይን ቁጥር ሲቀየር መበላሸቱ አያከራክርም።

ሁለት ፋብሪክ ካለ አንዱ ሲነካ ሌላው ሥራውን ይሸከማል። ይህ መልቲፓዝ (ሰርቨሩ ወደ ዲስኩ በብዙ መንገድ የሚደርስበት ዘዴ) በትክክል ሲሠራ ነው፤ ለቆየው ኤችፒ-ዩኤክስም ማቆሙን አያስቀርለትም። ድሬ ላይ የቀትሩ እረፍት ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ማየት ጊዜ ይበላል፤ በዚያ ሙቀት ኤሲ ቢጠፋ ደግሞ ክፍሉ ቶሎ ይግላል። ሌሊት ይሻላል።

የሲስኮ ኩባንያ ኤምዲኤስ ስዊች ላይ ዶሜይኑ ስታቲክ ተብሎ ይቆለፋል። ዛሬ ብሮኬድም በኮር ፒአይዲ ይመጣል። ሥራው ሲያልቅ የፋብሪክሾው (በፋብሪኩ ያሉትን ስዊቾች የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ውጤት ከሁሉም ስዊች ላይ ይነበባል፤ ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ካልሆነ ሁለተኛው ፋብሪክ አይነካም።