የቆዩ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች እድሳትና እንክብካቤ

የቆዩ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ሲባል በአብዛኛው ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ የሠሯቸው ማለት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዛታቸው፣ የአሠራራቸው ጥራትና የመለዋወጫቸው መገኘት ለአዳሽ ምቹ አድርጓቸዋል። አብዛኞቹ ግን ሮጠው ስላለቁ ሳይሆን ቆመው ስለቀሩ ነው የተበላሹት። ከመቆም ቀጥሎ የጎዳቸው የማይሆን መፍቻ ይዞ የነካካቸው እጅ ነው። ስለዚህ የእድሳት ሥራ በአመዛኙ የእነዚህን የሁለቱን ጥፋት መቀልበስ ነው።

በዘርፉ ስማቸው ቶሎ የሚነሣ ጥቂት ሞዴሎች አሉ። ሆንዳ ሲቢ 750 በ1969 ለሽያጭ ሲቀርብ 736 ሲሲ፣ በመደዳ የተሰለፉ አራት ሲሊንደሮችና የፊት ዲስክ ፍሬን ነበረው፤ ጉልበቱ 67 ፈረስ ነበር። ካዋሳኪ በዚያው ዓመት 498 ሲሲ ባለ ሦስት ሲሊንደር ባለ ሁለት ምት (በእያንዳንዱ ዙር ነዳጅ የሚያቃጥል) ኤች 1ን፣ በ1972 ደግሞ 903 ሲሲና 82 ፈረስ ጉልበት ያለውን ዜድ 1ን አወጣ። ያማሃ ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ኤክስኤስ 650 እና ከ1973 ጀምሮ ባለ ሁለት ምቱን አርዲ 350፣ ሱዙኪ ደግሞ በውሃ የሚቀዘቅዘውን ጂቲ 750 ሠርተዋል። ለጃፓን ገበያ ብቻ የወጡም አሉ። ዜድ 1 በአገር ውስጥ 750 ሲሲ ሆኖ ዜድ 2 በሚል ስም ተሸጧል። በ1975 የመንጃ ፈቃድ ደረጃ በ400 ሲሲ ሲከፈል፣ 408 ሲሲ የነበረው ሲቢ 400 ፎር ለአገሩ ሰው 398 ሲሲ ተደርጎ ተሠራ። የሞተር ውስጥ ዕቃ ሲታዘዝ ይህ ልዩነት ካልታወቀ የተሳሳተ ዕቃ ሊመጣ ይችላል።

ከመፍታት በፊት

አንድ ሞተር ሳይክል ሲገዛ በመጀመሪያ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በድጋሚ የተመታ የሚመስል ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። ቀጥሎ ኪኩ ይረገጣል። ሞተሩ ካልዞረ በጉልበት መታገል ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት) ይሰብራል። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይፈስና ለቀናት ይቆያል፤ ከዚያ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) በመፍቻ ወዲያና ወዲህ በቀስታ እየተነቀነቀ ይፈታል። የዞረ ሞተር መጭመቁ የሚለካው ጋዙ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ነው፤ ጋዙ ከተዘጋ አየር ስለማይገባ ጤነኛው ሞተር እንደ ሞተ ይነበባል። የልኩን ዝቅተኛ ወሰን የየሞዴሉ መመሪያ ይናገራል፤ ከቁጥሩም በላይ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ይበልጥ ያሳያል። በአንዱ ዝቅ ካለ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ከፍ ካለ ችግሩ ከፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ከቫልቭ ወይም ከቴስታታ (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን ነው።

ከሁሉ በፊት መገዛት ያለበት መሣሪያ ካቻቢቴ ነው። የጃፓን የመስቀል ብሎኖች ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ የተለየ፣ ጄአይኤስ (የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ) የሚባል ቅርጽ አላቸው፤ በብዙዎቹ ራስ ላይ ትንሽ ነጥብ ትታያለች። ተራው ካቻቢቴ እስከ ታች ስለማይገባ ሲጠብቅ ወደ ላይ ይወጣና ራሱን ይበላዋል። በሞተሩ የጎን ሽፋኖች ላይ የተበሉ ብሎኖች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። የጠነከሩት በመዶሻ እየተመታ በሚዞር ካቻቢቴ ይወጣሉ፤ ምቱ ብቻውን ዝገቱን ስለሚሰነጥቅ ግማሹን ሥራ ይሠራል። በአልሙኒየም ውስጥ የያዘ ብሎን ደግሞ ከጉልበት ይልቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ አልሙኒየም ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ ይለቀዋል። ቪቴው (የቀዳዳው ጥርስ) ተበልቶ ከተገኘ የብረት ጥምዝ ማስገቢያ ይተከልበታል፤ ሙጫ መፍትሔ አይደለም። ሲመለስ 6 ሚሊ ሜትር የሽፋን ብሎን 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

ነዳጅ

የታንከር ዝገት ለማስወገድ ሲትሪክ አሲድ አመቺና ርካሽ ነው። የነዳጅ መዝጊያው ወጥቶ ቀዳዳው ይደፈናል፤ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም አሲድ ተሟሙቶ ታንከሩ እስከ አፉ ይሞላል። ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ሲቆይ ዝገቱ ይለቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። የተራቆተ ብረት ውሃ እንደነካው በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ አሲዱ እንደተደፋ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ወዲያው አልኮል ይገላበጥበትና በሞቃት አየር ይደርቃል፤ በመጨረሻ የሁለት ምት ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይገባበታል። ውስጡን የሚቀባ ማሸጊያ መጠቀም የሚገባው ቀዳዳ ላለው ታንከር ነው። በደንብ ባልጸዳ ብረት ላይ የተቀባ ማሸጊያ ከዓመታት በኋላ እየተላጠ ካርቡሬተር ይደፍናል፤ እሱን ማውጣት ደግሞ ከዝገቱ ይከብዳል። ቤንዚን የነበረበት ታንከር ባዶ ቢመስልም ትነቱ ስለሚፈነዳ እሳትም ብየዳም አይቀርብበትም።

ካርቡሬተሮቹ በአብዛኛው ሚኩኒ ወይም ኬይሂን የተባሉ ኩባንያዎች ሥራ ናቸው። ቤንዚን ሲተን የሚተወው ሙጫ መሰል ቅሪት መጀመሪያ የሚደፍነው የዝግታ ጂግለርን (ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ነዳጅ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ነው፤ ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ስለሆነ። ምልክቱም አይሳሳትም፦ ሞተሩ በቾክ ይነሣል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል፣ ጋዝ ሲሰጠው ግን ይሮጣል። ጂግለሩ ወጥቶ ወደ ብርሃን ሲያዩት ክብ ሆኖ ካልታየ አልጸዳም። ውስጥ ለውስጥ የሄዱት መተላለፊያዎችም በካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫሉ፤ ፈሳሹ በአንደኛው ገብቶ በሌላኛው ሲወጣ በዓይን መታየት አለበት። ጎማና ፕላስቲክ ክፍሎች ግን ከኃይለኛ ማጽጃ ይራቁ። የተንሳፋፊው ከፍታ ለመጀመሪያዎቹ የሲቢ 750 ካርቡሬተሮች 26 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለካውም የተንሳፋፊው ምላስ መርፌውን ሲነካ፣ ነገር ግን ስፕሪንጉን ሳይጫን ነው። በርካሽ የሚሸጡ የጥገና ስብስቦች የሚመጡባቸው ጂግለሮች ልካቸው ብዙ ጊዜ ስለማይታመን የመጀመሪያዎቹን አጽድቶ መመለስ ይመረጣል፤ ከስብስቡ የሚፈለጉት የጎማ ቀለበቶቹ ናቸው። ካርቡሬተሩን ከቴስታታው የሚያገናኙት ጎማዎች እንደ ድንጋይ ደርቀው ከሆነ በስንጥቃቸው አየር ይስባሉ፤ እነሱ ሳይቀየሩ አራቱን ካርቡሬተሮች በቫኪዩም መለኪያ ለማመጣጠን መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ሞተሩን ማስተካከል

ፑንቴሪያ (የቫልቮቹ ክፍተት)፣ ፑንቲና (ብልጭታውን የሚቆርጠው መገናኛ)፣ ከዚያ ካርቡሬተር፦ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ሲገለበጥ አይሠራም። በሲቢ 750 ፑንቴሪያ የሚስተካከለው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ የማስገቢያው ክፍተት 0.05፣ የማስወጫው 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። የፑንቲናው ሽፋን ተከፍቶ ክራንኩ ይዞርና የ«ቲ 1.4» መስመር ከምልክቱ ጋር ይገጥማል። አንደኛው ሲሊንደር በመጭመቅ ላይ ከሆነ ሁለቱም የፑንቴሪያ ዘንጎቹ ልል ናቸው፤ ያኔ የአንደኛው ሁለቱም፣ የሁለተኛው ማስወጫና የሦስተኛው ማስገቢያ ይስተካከላሉ። አንድ ሙሉ ዙር ተዙሮ ደግሞ የአራተኛው ሁለቱም፣ የሁለተኛው ማስገቢያና የሦስተኛው ማስወጫ ይሠራሉ። ስፔሶሩ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ሲሳብ ትንሽ መያዝ አለበት። ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ስለሚንቀሳቀስ ከጠበቀ በኋላ ድጋሚ መለካት ግድ ነው። ክፍተት የጠበበበት ሞተር ድምፁ ያምራል፣ ቫልቩ ግን ይቃጠላል፤ ትንሽ የሚንኳኳው ይሻላል።

የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የ1ኛና የ4ኛ ሲሊንደር የብልጭታ ጊዜ መጀመሪያ ዋናውን ሳህን በማዞር ይስተካከላል፤ የ2ኛና የ3ኛ ቀጥሎ በትንሹ ሳህን ይሠራል። ቀድሞ ትንሹን የነካ ሰው ዋናውን ሲያዞር ሥራው ሁሉ ይፈርሳል።

የሲቢ 750 ዘይት በተለየ ጋን ስለሚቀመጥ አንድ ወጥመድ አለው። ሞተር ሳይክሉ ለሳምንታት ሲቆም ዘይቱ በፓምፑ በኩል ወደ ሞተሩ ሥር ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ ሳለ መለኪያው ሲታይ ዘይት የጎደለ ይመስላል። በዚያ ላይ የጨመረ ሰው ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ በመተንፈሻው ሲተፋ ያያል። ትክክለኛው ንባብ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚገኘው ነው። መጠኑ 3.5 ሊትር ነው። ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ያለው የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ያለው ይፈለጋል።

በዚሁ ሞዴል ቴስታታውን ለማንሣት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከሻንሲው መውጣት አለበት። በሲሊንደሩና በቴስታታው መጋጠሚያ የሚታየው የዘይት ላብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዘይት መተላለፊያዎቹ ዙሪያ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ሲደርቁ ነው። ወዙ ቀላል ከሆነ ለሌላ ትልቅ ሥራ እስኪወጣ ድረስ እየጠረጉ መንዳት አያሳፍርም። ሲወጣ ግን ፒስተኑና ሲሊንደሩ ይለካሉ፤ ሲሊንደሩ ካለቀ በ0.25 ሚሊ ሜትር ደረጃ እየሰፋ ትልቅ ፒስተን ይገባል። የሞተሩን ቤት ለማሳመር በብርጭቆ ዱቄት ማስነፋት የተለመደ ጥፋት ነው። ዱቄቱ በዘይት መተላለፊያዎች ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀርና ሞተሩ ሲሞቅ ይለቃል፤ ከዚያ ኩሽኔታውን ይበላል። ውሃ የተቀላቀለበት ንፍታ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ቱቦዎቹ ተደፍነው ከተሠራና እያንዳንዷ ቀዳዳ በኋላ ከታጠበች ነው።

ባለ ሁለት ምቶቹ

በእነዚህ የክራንኩ ቤት ራሱ የሚተነፍስ ክፍል ስለሆነ በክራንኩ ጫፍ ያሉት ፓራውሊዎች (አየርና ዘይት የሚያግዱ የጎማ ማሸጊያዎች) የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ለዓመታት የቆመ አርዲ ወይም ኤች 1 ፓራውሊው ደርቆ አየር ያስገባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ መሀሉ ይበሳል። ከመንዳት በፊት መግቢያና መውጫው ተደፍኖ በ0.4 ባር ገደማ አየር ይሞላል፤ ግፊቱ ለአምስት ደቂቃ እምብዛም ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከወረደ የሳሙና ውሃ ቦታውን ይጠቁማል። የማርሽ ቤቱ በኩል ያለው ፓራውሊ ካለፈ ደግሞ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየሳበ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ማርሽ ቤቱም ያለምንም ፍሳሽ ይጎድላል። የዘይት ፓምፑ ምልክት ከጋዙ ገመድ ጋር መግጠሙ እስኪረጋገጥ ድረስ በታንከሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ደባልቆ መንዳት ጥንቃቄ ነው።

ኤሌክትሪክ፣ ፍሬንና ጎማ

አብዛኛው የኤሌክትሪክ ችግር የሚገኘው በመጋጠሚያዎች ነው፤ ሽቦው ራሱ ብዙም አይበላሽም። ቮልት መለኪያ በባትሪው ፖዘቲቭና በቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል) መግቢያ መካከል ተደርጎ ቁልፉ ተከፍቶ ፑንቲናው ሲዘጋ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ በመንገዱ ላይ ያለው የቁልፍ፣ የማጥፊያ ወይም የፊውዝ መጋጠሚያ ኦክሳይድ ይዟል። ብዙ ደካማ ብልጭታ በዚህ ይድናል፤ ቦቢና መግዛት አያስፈልግም። ባትሪው ያረፈበት ቮልት 12.6 አካባቢ፣ ሞተሩ በ5,000 ዙር ሲሠራ ደግሞ ከ14 በላይ መሆን አለበት። ሲቢ 750 በዝግታ ሲሠራ መብራቱ በርቶ ባትሪውን አለመሙላቱ ባሕርዩ እንጂ ብልሽት አይደለም።

የፊት ዲስኩ ከተለቀቀ በኋላም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቦታ ይታያል። በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ የፍሬን ዘይት መመለሻዋ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ትደፈናለች፤ ቀጭን ሽቦ ይከፍታታል። ሌላው በካሊፐሩ የጎማ ቀለበት ጀርባ ባለው ቦይ የተጠራቀመ ዝቃጭ ነው፤ ቀለበቱ ወጥቶ ቦዩ ካልተፋቀ አዲስ ፒስተንም ይያዛል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። የጎማ ቱቦው በዘመኑ የተገጠመው ከሆነ ከውጭ ቢያምርም ከውስጥ አብጦ ዘግቷልና ይጣል። ጎማ የሚመዘነው በጥርሱ ጥልቀት ብቻ አይደለም። በጎኑ ላይ ያለው አራት አኃዝ ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ አይነዳበትም።

ቀለምና መለዋወጫ

የሆንዳ የዘመኑ «ካንዲ» ቀለሞች ከታች ብርማ፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ሽፋን ናቸው። መካከለኛው በእያንዳንዱ ቅብ ስለሚጠቁር ታንከሩና የጎን ሽፋኖቹ በአንድ ጊዜ፣ በእኩል የቅብ ብዛት ካልተሠሩ ይለያያሉ። የተቧጨረ ግን የፋብሪካው ቀለም ያልተነካ ታንከር ከአዲስ ቅብ ይልቅ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይከበራል፤ አንዴ የተፋቀ አይመለስም።

የሆንዳ ዕቃ ቁጥር መካከለኛ ሦስት አኃዝ ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል ያመለክታል፦ 300 የሲቢ 750፣ 323 የሲቢ 500፣ 377 የሲቢ 400 ፎር ነው። ይህን ያወቀ ሰው በአሮጌ ሣጥን ውስጥ ያለውን ዕቃ ሳይከፍት ይለያል። በብዙ የሲቢ 750 የፋብሪካ ማርሚታዎች ላይ «ኤችኤም 300» የሚል ምልክት ተመትቷል፤ ያ ምልክት ያለበት ዝገታም ማርሚታ ጭምር አይጣልም። «ሳንድካስት» በሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ከ7 ሺህ በላይ ሞተሮች ላይ የሞተሩ ቤት ገጽታ ሸካራ ነው፤ ዋጋቸው ከኋለኞቹ በብዙ ይበልጣል፣ ስለዚህም የሚጭበረበርባቸው ናቸው። ካዋሳኪ የዜድ 1ን ቴስታታ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንደገና ሠርቶ ሸጧል፤ ለሌሎቹ ሞዴሎች ግን ቫልቭ፣ ፋሻና ፓራውሊ በቀላሉ ሲገኙ የማይገኙት የሻንሲ ጌጦች፣ የመሪ መለኪያዎችና የጎን ሽፋን ምልክቶች ናቸው። ጎደሎ ሞተር ሳይክል ሲገዛ መቆጠር ያለባቸውም እነዚሁ ናቸው።