የኢንተርኔትና የኢሜይል ጥንቃቄ በአዲስ አበባ ዳርቻ

እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞና ኮዬ ፈጬ ባሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ኢንተርኔት በዋናነት የሚገኘው በእጅ ስልክ ሲሆን፣ ኮምፒውተር የሚጠይቅ ጉዳይ የገጠመው ነዋሪ ግን ከሕንፃዎቹ ሥር ወዳሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይሄዳል። የሥራ ማመልከቻ የሚላከው፣ የፓስፖርት ጥያቄ የሚሞላው፣ ብዙውን ጊዜም የመጀመሪያው ኢሜይል የሚከፈተው እዚያ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሰፈሮች የደህንነት ጉዳይ የሚጀምረው ከቫይረስ ወይም ከሩቅ አገር ሰርጎ ገብ ሳይሆን፣ ኢሜይሉን ማን ከፈተው፣ የይለፍ ቃሉንስ ማን ያውቀዋል ከሚለው ጥያቄ ነው።

በተለመደው አሠራር ጸሐፊው የደንበኛውን ስምና የትውልድ ዘመን አስገብቶ፣ ስሙ ላይ 123 የተጨመረበት ወይም የስልክ ቁጥሩን የያዘ የይለፍ ቃል ይመርጥና በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል። ደንበኛው ስልኩን ካልያዘ ደግሞ ማረጋገጫው በጸሐፊው ቁጥር እንዲመጣ ይደረጋል። ከሁሉም የሚከፋው ይኸኛው ነው፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ቢቀይር እንኳ፣ መልሶ ማግኛ ሆኖ የተመዘገበው ቁጥር የሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ ኢሜይሉ በዚያ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። በኢሜይል በኩል ደግሞ የሌሎች አገልግሎቶችን የይለፍ ቃል መቀየር ይቻላል። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ታምነው የሚሠሩ ቢሆኑም፣ ኮምፒውተሩን በቀን ብዙ ሰው ይነካዋል። በመሆኑም ባለቤቱ ቤቱ ሲገባ በራሱ ስልክ ወደ ኢሜይሉ ቅንብር ገብቶ መልሶ ማግኛ ቁጥሩን በራሱ ቁጥር መተካት፣ ረዘም ያለና ሌላ ቦታ ያልተጠቀመበትን የይለፍ ቃል ማውጣት፣ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ ክፍት የቀረውን መዝጋት፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫንም ማብራት ይኖርበታል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ሲም ካርድ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ቁጥር የቀየረ ሰው ይህን ሁሉ እንደገና ማየት አለበት።

የዲቪ ማመልከቻም በእነዚሁ ቤቶች ሲሞላ ቆይቷል። አመልካቹ ዕጣው እንደወጣለት የሚያውቀው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ሲያይ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ «ዕጣ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል አይልክም። ስለዚህ ቁጥሩ የታተመበትን ወረቀት ሳይቀበሉ ከቤቱ መውጣት አይገባም፤ ዕጣ ደርሶዎታልና ክፍያ ይላኩ የሚል ኢሜይልም ያለ ጥርጥር የማጭበርበሪያ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አድራሻ በ«ዶት ጎቭ» (.gov) ያልቃል። አድራሻ ሲነበብ ዋናው ቦታ ከ«https://» በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር (/) በፊት ያለው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የታወቀ ስም ከፊት መግባቱ ምንም አያረጋግጥም። በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክትም የሚያመለክተው መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አይደለም፤ ክሮም የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ2023 ያነሳው ሰዎች በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዱት ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማጭበርበሩ ወደ ስልኩም ዘልቋል። ገንዘብ ገባልዎት የሚል የውሸት መልእክት ይደርስና ወዲያው ስልክ ይደወላል፦ «እናቴ፣ በስህተት ወደ እርስዎ ልኬ ነው፣ እባክዎ ይመልሱልኝ።» የቴሌብር መልእክት ከ127 የሚመጣ ሲሆን፣ ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣውን ማመን አይገባም፤ ከሁሉም በላይ ግን ቀሪ ሒሳብን በመተግበሪያው ወይም በ*127# ሳያዩ አንድ ብር መመለስ ተገቢ አይደለም። በቴሌግራም «ለውድድር ድምፅ ስጪኝ» ብሎ የሚላክ ሊንክ የመግቢያ ኮድ ከጠየቀ ኮዱን መስጠት አይገባም፤ መልእክቱ ከእህት ወይም ከጎረቤት ቢመጣም እንኳ የእነሱ አካውንት አስቀድሞ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ከቴሌግራም ቻናል የሚወርዱ የኤፒኬ ፋይሎችም (የአንድሮይድ ስልክ መተግበሪያ መጫኛዎች) መጫን የለባቸውም።

ያለ ፈቃድ የሰው ኢሜይል መክፈትና በኮምፒውተር ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ናቸው፤ የግል ዳታ ጥበቃም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል። ገንዘብ የተወሰደበት ሰው አስቀድሞ ለባንኩ ወይም ለገንዘብ አገልግሎት ሰጪው በመደወል ሒሳቡ እንዲታገድ ማድረግ፣ ከዚያም መልእክቱንና የደወለውን ቁጥር ሳያጠፋ ለፖሊስ ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ ብዙዎች በንዴት የሚያጠፉት መልእክት ዋናው ማስረጃ ነውና።