ብዝኃ ሕይወት ምንድን ነው? ለደጋ ተማሪ ሲነገር

«ብዝኃ» ከግእዝ የተወረሰ ቃል ሲሆን ብዛት ማለት ነው። ተማሪዎች ብዝኃ ሕይወት ሲባል ወዲያው የእንስሳት ቁጥር የሚመስላቸው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ ቃሉ የሚናገረው ግን ስለ ዓይነቱ ብዛት ነው። መቶ በጎች የተሰማሩበት መስክ በእንስሳት የተሞላ ቢመስልም፣ በጎቹ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው።

ይህን ለማስረዳት የዋልያ ሥዕል ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ልጆቹን ወደ ሣሩ ማውጣት የተሻለ ይመስለኛል። በመንዝ ጓሳ አካባቢ የሚያስተምር መምህር አራት ካስማና አራት ሜትር ገመድ ይበቃዋል፤ በጓሳው ሣር መካከል አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ይከልልና፣ ልጆቹ ተንበርክከው ሣሩን እየገለጡ ቅጠሉን፣ ጉንዳኑን፣ ጢንዚዛውን፣ የአይጥ ጉድጓዱን ሳይቀር በየዓይነቱ ይመዘግባሉ፤ ስሙን የማያውቁትን ይሥሉታል። ከዚያም ከብት ዘወትር በሚግጠው መሬት ላይ ያንኑ ያህል ቦታ ከልለው ሁለቱን ዝርዝሮች ያስተያያሉ።

የአይጧን ጉድጓድ ግን ቶሎ ማለፍ አይገባም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚኖረውና ለአቅመ መራባት የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚመገበው አይጥና ፍልፈል ነው፤ አይጧ ደግሞ የምትጠለለው በሣሩ ውስጥ ነው። የመንዝ አባቶች ጓሳውን በየተራ እየከለሉ ያቆዩት ለቤት ክዳንና ለገመድ እንጂ ለቀበሮው ብለው አልነበረም፤ ቀበሮው ግን ከሣሩ ጋር አብሮ ተረፈ።

በተራራ አገር ከፍታው በጨመረ ቁጥር ብርዱ ስለሚጨምር፣ ከወይራው እስከ ጅብራው ያለው ዕፅዋት በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ይለዋወጣል። ቆላው በመካከል ስለሚለያያቸውም ከፍተኛ ተራሮች በባሕር እንደተከበቡ ደሴቶች ናቸው፤ ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ በየትም በዱር የማይገኘው በአንድ ደሴት ላይ እንደቀረ ፍጥረት ስለሆነ ነው።

ብዝኃነት በአንድ ዝርያ ውስጥም አለ። ልጆቹ ከየቤታቸው አንድ እፍኝ ገብስ ይዘው ቢመጡ ጥቁሩ፣ ነጩና ሰነፍ ቆሎው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁሉም ገብስ ሆነው ሳለ ዘረመላቸው ይለያያል። በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳን ያጠቃ የነበረውን ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ለመቋቋም ያስቻለው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ገብስ ነበር።