በዘረመል ምህንድስና የተለወጡ ሰብሎች በሽታ የመቋቋም አቅም በቤተ ሙከራ የሚፈተሽበት መንገድ

በዘረመል ምህንድስና የተለወጠ ሰብል «በሽታ ይቋቋማል» ከመባሉ በፊት ሆን ተብሎ በበሽታው እንዲበከል ይደረጋል። ፍተሻው የተለወጠውን ተክልና የዚያኑ ዝርያ ያልተለወጠ ተክል ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሁለቱንም በአንድ ተሕዋስ፣ በእኩል መጠንና በተመሳሳይ ሙቀትና እርጥበት መበከልን ይጠይቃል። በ1986 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን የሽፋን ፕሮቲን እንዲያመርት የተደረገ ትምባሆ በዚሁ ቫይረስ ሲበከል ምልክቱ ዘግይቶ እንደሚወጣበት፣ በአንዳንዶቹ ተክሎችም ጨርሶ እንደማይታይ መታወቁ ለዘርፉ መነሻ ሆኗል።

ፒሲአር የሚባለው፣ የተፈለገን የዘረመል ክፍል አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ፣ የገባው ዘረመል በተክሉ ውስጥ መኖሩን ያሳያል፤ መኖሩ ግን መሥራቱን ስለማያረጋግጥ፣ ስንት ቅጂ እንደገባና በቅጠሉ ውስጥ አርኤንኤው (የዘረመሉን መልእክት የሚሸከመው ሞለኪውል) ወይም ፕሮቲኑ መመረቱ ለብቻው ይለካል።

የመበከያው ዘዴ እንደ በሽታው ይለያያል። ሌት ብላይት ለሚባለው የድንች ምች፣ የተቆረጡ ቅጠሎች እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ሣህን ላይ ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራሉ። የተሕዋሱ ስፖሮች (የሚራባባቸው ጥቃቅን አካላት) ያሉበት ውሃ ቀዝቃዛ ቦታ ሲቆይ ከውስጣቸው ዋናተኛ የሆኑ ጥቃቅን ስፖሮች ይወጣሉ፤ እነዚህ በማይክሮስኮፕ ተቆጥረው ከተመጠኑ በኋላ በየቅጠሉ አንድ ጠብታ ይደረጋል። ሣህኑ ተከድኖ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይቀመጣል። በሳምንት ገደማ በተጋላጩ ቅጠል ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጥቁር ቁስል እየሰፋ ይሄዳል፣ ጠርዙም ነጭ ሻጋታ ያወጣል፤ በሚቋቋመው ቅጠል ላይ ግን ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብቻ ጠቁሮ ይቀራል። ለብዙ ቫይረሶች ከታመመ ተክል የተጨመቀ ፈሳሽ፣ ቅጠሉን በስሱ ከሚቧጭር የካርቦረንደም ዱቄት ጋር በጣት ይታሻል፤ በዚህ መንገድ ለማይተላለፉት ግን አስተላላፊ ነፍሳትን አርብቶ ማሳረፍ ወይም የታመመ ቅርንጫፍ በጤነኛው ግንድ ላይ መትከል ግድ ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ጤነኛ መስሎ የቆመ ተክል ነው። ብከላው ስቶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቫይረሱን በውስጡ እያራባ ምልክት የማያሳይ ቻይ ተክል ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ለጎረቤቶቹ የበሽታ ምንጭ ስለሆነ ከሚቋቋም ተክል ሊቆጠር አይገባም። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይታመንም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በኢላይዛ (የቫይረሱን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል በሚለይ ምርመራ) ወይም በፒሲአር ይለካል። ያልተለወጠው ማወዳደሪያ ካልታመመ ደግሞ የተለወጠው ጤንነት ምንም አያስረዳምና ሙከራው ይደገማል።

ሌላው ጥያቄ የትኛው የተሕዋስ ዝርያ ለፍተሻው እንደዋለ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ለሃዋይ ገበሬዎች የተሰራጨው፣ በዘረመል ምህንድስና የተለወጠው ሬይንቦው ፓፓያ የተገኘበት የመጀመሪያው ተክል፣ ፓፓያን የሚያጠቃውን የሃዋይ የሪንግስፖት ቫይረስ ቢቋቋምም ከሌሎች አገሮች በመጡ የዚሁ ቫይረስ ዝርያዎች ተጠቅቷል። ተክሉ የቫይረሱን አርኤንኤ የሚቆራርጠው ከገባው ዘረመል ጋር ሲመሳሰልለት በመሆኑ፣ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር መከላከያው ይላላል። የዘረመሉ መጠንም ለውጥ ያመጣል፦ ዘረመሉን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ሰንአፕ ፓፓያ፣ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ሬይንቦው ያልቻላቸውን አንዳንድ የውጭ ዝርያዎች ተቋቁሟል። በዚህ ምክንያት በፍተሻው መዝገብ ላይ ተሕዋሱ ከየት እንደመጣ፣ እንዲሁም የተክሉ ዕድሜና ትውልድ ከውጤቱ ጋር አብረው ይሰፍራሉ።