የአቻ ለአቻ የሥራ አፈጻጸም ምዘና በሰሜን ሸዋ መሥሪያ ቤቶች

የአቻ ለአቻ ምዘና በአንድ የሥራ ክፍል ያሉ ባልደረቦች አንዱ የሌላውን ሥራና ጠባይ በነጥብ የሚለኩበት አሠራር ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ደጋና እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ባሉ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ በሁለት መልክ ሲሠራበት ቆይቷል። አንዱ በአንድ ለአምስት አደረጃጀትና በሒስ ግለ ሒስ መድረክ በቃል የሚካሄደው ግምገማ ሲሆን፣ ሌላው በየመንፈቁ የሚሞላው ቅጽ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የሁለተኛው መንፈቅ ቅጽ የሚሞላው በሪፖርት ጥድፊያ መካከል ነው፤ ስለዚህ የግንቦት ስህተት ጎልቶ ሲታይ የጥር ድካም ይረሳል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ሲመዝኑ ስለ ሰውየው ያደረባቸው አጠቃላይ ስሜት ለእያንዳንዱ ችሎታ በሚሰጡት ነጥብ ላይ እንደሚያጠላ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በሥራ አስኪያጆች ነጥብ ላይ ከሚታየው ልዩነት ከግማሽ በላይ የሆነው ከተመዛኙ ሥራ ሳይሆን ከመዛኙ የግል አመዛዘን የሚመነጭ መሆኑን አመልክቷል።

በወረዳ ከተማ በዚህ ላይ ይሉኝታ ይጨመራል። በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ አምስት ባለሙያዎች በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፤ የሌሊት ተረኝነት ይቀያየራሉ፤ አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ሌላው ሸፍኖለት ይውላል። «ሌሎችን የመደገፍ ጥረት» ለሚለው መስፈርት ከእነርሱ አንዱ ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጥ፣ በማግስቱ ፈረቃ የሚለዋወጠው ከዚያው ሰው ጋር ነው። ስለዚህ ነጥብ እንደ ወንፈል ተሰጥቶ ይመለሳል፤ የአምስቱም ውጤት በጥቂት ነጥብ ልዩነት ይደረደራል። ይህን የሥነ ምግባር ጉድለት ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይደለም። አብሮ መሥራት የሚቻለው በዚህ መተሳሰብ ነውና፣ ቅጹ ሰዎቹን የጠየቃቸው ሊከፍሉት የማይችሉትን ዋጋ ነው።

ከአድልዎ በላይ የሚከብደው ግን የአመራሩ ዓላማ ነው። ያው አንድ ነጥብ ለደረጃ ዕድገት፣ ለሥልጠና ዕድል፣ አንዳንዴም ለቅጣት ሲውል መዛኙ የሚያየው ሥራውን ሳይሆን የነጥቡን መዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተለያዩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ ለዕድገትና ለደመወዝ የሚሰጥ ነጥብ ለምርምር ወይም ለሠራተኛው መሻሻል ብቻ ከሚሰጠው በአማካይ በአንድ ሦስተኛ መደበኛ ልይይት (ነጥቦች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ መለኪያ) ያህል ከፍ እንደሚል አግኝቷል። የቅርብ ኃላፊውም ከሌሎች የሥራ ክፍሎች ጋር የሚወዳደር በመሆኑ የሠራተኞቹ ዝቅተኛ ውጤት የራሱ ድክመት ሆኖ ይቆጠርበታል። ከፍተኛ ነጥብን በኮታ መገደብም መፍትሔ አልሆነም፤ ማይክሮሶፍት ሠራተኞቹን በግድ በደረጃ የሚከፋፍልበትን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 ትቶታል።

በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ባሉ ፋብሪካዎች፣ የተሰፋው ልብስ በቁጥር ስለሚታወቅ አድልዎ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል፤ ጠባይንና ትብብርን የሚመለከተው መስፈርት ግን እዚያም ለግምት ክፍት ነው። በጽሕፈት ቤቶች የሚሻለው ባልደረቦች የሚሰጡትን አስተያየት ከዕድገት ነጥብ መለየትና ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀኑ የታወቀ ድርጊት ማስጻፍ ነው። ለምሳሌ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል በተጨናነቀበት የገበያ ቀን ማን ቀርቶ እንዳገዘ በዕለቱ ከተመዘገበ፣ ሰኔ ላይ የሚሞላው ቅጽ በትዝታ ላይ ብቻ አይቆምም።