አምባሰልና ባቲ በሳክስፎን

ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ስማቸው የወሎ ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። ባቲ ደግሞ የአፋር ግመል ነጂና የደጋ ነጋዴ ሰኞ ሰኞ የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። ትዝታንም ቢሆን ከወሎ ነጥሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። አራተኛው አንቺሆዬ ነው።

ክራር ደርዳሪ መጫወት ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን እያጠበቀና እያላላ ይቃኛል። ቅኝት የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። አምስት ድምፆች ይመረጣሉ፣ ዜማው ከእነሱ ይወጣል። ዘፋኙ የራሱን ግጥም ያወርድበታል፣ የራሱን እንጉርጉሮ ይጨምርበታል። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዜማው የአገር ነው፣ ሆድ የሚያባባው ግን የእሷ ድምፅ ነው።

ጃዝ ተጫዋቾች የድሮ ዜማን እንደ አዲስ ሲሠሩ የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን እንይ። በ1935 እ.ኤ.አ. ከወሎ በስተደቡብ ባለው በይፋት ተወለደ። የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው፤ በ1949 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። ሳክስፎን አሥራ ሁለቱም ድምፆች በቁልፍ የተቀመጡበት መሣሪያ ነው። እሱ ግን አምስቱን ይዞ በመሃላቸው በከንፈሩና በትንፋሹ ይንሸራተት ነበር፣ ልክ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት በአንዷ የፈረስ ጭራ ክር ላይ እንደሚንሸራተተው። ስሙን ያስጠራው ሽለላን በሳክስፎን መጫወቱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። የቆዩ ዜማዎችን ነው መልሶ ያነሳው። ጊታሮቹ ከኋላ ይጮሃሉ፤ ሳክስፎኑ ግን ቅኝቱን አይለቅም። እኔ ደጋግሜ የምሰማው ለዚህ ነው።

ለጀማሪ ሳክስፎኒስት የወሎ ዜማ አንድ ደስ የሚል ምሥጢር አለው። ከትዝታ ሁለት ዓይነቶች አንዱ የሆነው የትዝታ ማይነር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶልና ላ ፍላት ናቸው (ፍላት ማለት በግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው)። እነዚያኑ ከሶል ጀምረህ ብትደረድራቸው አምባሰል ሆኑልህ። አንድም ድምፅ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ማረፊያው ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ በትዝታ መሃል ሶልን ረዘም አድርጎ ቢይዛት፣ ወሎ ያደገ ጆሮ አምባሰል መግባቱን ወዲያው ያውቃል። ከሶል ወደ ላ ፍላት የምትወስደው ያቺ ግማሽ እርምጃ ናት አንጀት የምትበላው።