«ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው» የምትለዋ ግርጌና ስለ እሷ የምንሳሳተው

ከዚራ ካለው ቢሯችን አንድ ጠዋት ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት ለሆነው ፕሮግራም) አንድ ፓች ላክሁ፤ አሥራ አንድ መስመር የኮድ ማስተካከያ። ከሰዓት፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ሲሰበስብ፣ መልስ መጣ፦ ግርጌው ላይ የምስጢር ማስታወቂያ ስላለበት ሰርዘነዋል። ነገሩን ለቢሮው ልጆች ብነግራቸው ሁሉም ጠበቃ ሆኖ አረፈው።

«እኔ ካልጻፍኩት የለም»

ይሄኛው ስህተት የራሴ ነበር። የላክኋቸውን መልእክቶች ከፍቼ አየሁ፤ ምንም የለም። ቆይቼ ለራሴ ጂሜይል ልኬ በስልኬ ስከፍተው፣ ከኮዱ ሥር ከኮዱ የሚረዝም ማስፈራሪያ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተዘርግቷል። የሚለጥፈው የድርጅቱ የሜይል ሰርቨር ነው፤ መልእክቱ ከእኛ እጅ ከወጣ በኋላ። ላኪው ሳያየው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

«የደረሰው ሰው ሁሉ በሕግ ይገደዳል»

ውል ስምምነት ይፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ቀድሞ የምስጢር ውል የፈረመ ሰው ወይም ጠበቃ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው ግን የመጣው ከውሉና ከሙያው እንጂ ከግርጌዋ አይደለም። ሳይጠይቅ የደረሰውን ሰው በተመለከተማ ነገሩ ካፌ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈው «ለጠፋ ንብረት ኃላፊ አይደለንም» ነው።

«አቦ፣ ካልሠራ ምን አስጨነቃቸው? ፈረንጅ ሲያካብድ ነው!»

ይህን ያለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነው፤ እኔም ለአንድ ቀን አምኜው ነበር። ግን ከተቀባዩ ወንበር ሆናችሁ እዩት። ከርነሉ የሚሰራጨው በጂፒኤል ሁለተኛ ስሪት ነው፣ ኮዱን ማንም እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በሚፈቅድ ፈቃድ፤ የተላከ ፓች ለሺዎች ይደርሳል፣ በአደባባይ ማኅደር ውስጥም ይቀራል። ኤስሲኦ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 አይቢኤምን «የእኔን ኮድ ያለፈቃድ ሊኑክስ ውስጥ አስገባህ» ብሎ ከከሰሰ በኋላ፣ በ2004 አንድ ደንብ ገባ፦ ላኪው «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» («ፈርሞ ያጸደቀው» እንደማለት) ብሎ ስሙን ሲያሰፍር ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለው፣ መዝገቡም ለሁልጊዜ በአደባባይ እንደሚቀመጥ ማወቁን ያረጋግጣል። እንግዲህ የእኔ ፓች ላይኛው ክፍል «ለሁሉም ይሁን» ይላል፣ ታችኛው «አታሰራጩ፣ አጥፉ»። ከሁለቱ የትኛው የባለቤቱ ቃል ነው? ከርነሉን ከሚጠብቁት አንዱ ግሬግ ክሮአ-ሃርትማን እንዲህ ያለውን መልእክት እንደሚሰርዝ በመንገር ይታወቃል። ጭካኔ አይደለም፤ ታች የተጻፈውን ነው የፈጸመው።

«ከላይ ‹የታችኛውን እርሱት› ብለህ ጻፍ»

ድርጅቱ ያስለጠፈውን ተቀጣሪው በአንድ መስመር ሊሽረው አይችልም።

«በግል ጂሜይልህ ላከውና ተገላገል»

ግርጌዋ ትጠፋለች፤ ችግሩ ግን ይብሳል። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የሠራው፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ የአሠሪው ነው። ያን ፓች የጻፍኩት በሥራ ሰዓት፣ ለቢሮው ሰርቨር ብዬ ነው። ፈቃድ ሳልይዝ በግል አድራሻ ብልከው፣ ስሜን ከ«ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» አጠገብ ሳሰፍር የምሰጠው የእኔ ያልሆነውን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ፣ አድራሻው ከዚያ በኋላ።

«ግርጌዋ ከወጣች የድርጅቱ ምስጢር ይባክናል»

ሰው ግርጌ የሚደርሰው ከላይ ያለውን አንብቦ ሲጨርስ ነው። ምስጢር ከሆነ ይመስጠር፣ ወይም በኢሜይል አይላክ።

እኛ ዘንድ መፍትሔው ለሰርቨሩ አንድ ደንብ መጨመር ሆነ፦ ወደ ከርነሉ አድራሻዎች ለሚሄድ መልእክት ማስታወቂያው አይለጠፍ። የአይቲው ልጅ በአሥር ደቂቃ ሠራው። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ፈቃዱን የጠየቅሁበት ኢሜይል ግርጌ ላይም ያችው ማስታወቂያ ነበረች።